ሮኬት ምድጃ፦ የጡብ ይሻላል የቆርቆሮ?

ሮኬት ምድጃ ማለት እንጨቱ ከታች በጎን ገብቶ እሳቱ በቆመ ጠባብ ቱቦ ወደ ላይ የሚወጣበት ምድጃ ነው፤ ባህር ዳር ግቢያችን ውስጥ ሁለቱንም አይነት ሰርቼ ስለሞከርኳቸው ልንገራችሁ። የጡቡ በጭቃና በጭድ ነው የተሰራው፣ ወጪው ትንሽ ነው ግን ጡቡ ራሱ እስኪግል ብዙ እንጨት ይበላል፣ ለቡና ብቻ ከሆነ አልመክርም፤ ለድግስ ወጥ ግን አንዴ ከጋለ እሳቱ አይዋዥቅም ትልቅ ድስትም አይነቃነቅበትም። ክረምት ላይ ደሞ የኛን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ጣራ ከሌለው ጭቃው ይታጠባል።

እኔ የማደላው ለቆርቆሮዋ ነው። ትልቅ የዘይት ጣሳ ውስጥ በኤል (L) ቅርፅ የታጠፈ የብረት ቱቦ ይገባና በመሀል ያለው ክፍተት በተነፋ ደረቅ አመድ ይሞላል። አመዱን በጭራሽ እንዳትዘሉት! ሙቀቱን የሚይዘው እሱ ነው፣ ጭሱ ራሱ የሚቃጠለው ውስጡ በደንብ ሲግል ነው፣ ያኔ አይን አያቃጥልም። የቆመውን ቱቦ ከስፋቱ 3 እጥፍ ገደማ አስረዝሙት፣ ከእንጨቱ ስርም አየር ማስገቢያ ተዉለት። ቶሎ ትያያዛለች፣ ቀጫጭን እንጨት ይበቃታል፣ ጣና ዳር ቆሮሶ አሳ ልንጠብስ ስንሄድ ይዣት እሄዳለሁ። ቱቦው ግን በጊዜ ብዛት በእሳቱ ይበላል፣ ስትቀይሩት ዚንክ የተቀባ እንዳይሆን፣ ሲግል የሚወጣው ጭስ ሰው ያማል።