ለተማሪ ወፍ ተመልካች፦ የ8×42 ባይኖኩላር ግምገማ

ባይኖኩላር (በሁለት ዓይን የሚታይበት የሩቅ ማያ) የሚገዛን ሰው መጀመሪያ የሚያታልለው ቁጥሩ ነው። መያዣው ላይ «90×80» ወይም «10–30×60» የሚል ካያችሁ እለፉት። ለተማሪ የሚሆነው 8×42 ነው፤ ስምንቱ የማቅረብ ኃይሉ፣ አርባ ሁለቱ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር። 42 ለ8 ሲካፈል ዓይን ላይ የሚያርፈው የብርሃን ክብ 5.25 ሚሊሜትር ይሆናል። ንጋት ላይ ጣና ዳር ባለው በዘጌ የቡና ጫካ ጥላ ሥር ወፏን ከቅጠሉ የምትለየው ይህች ክብ ናት። 30 እጥፍ የሚያቀርበው ባለ 60 ግን 2 ሚሊሜትር ብቻ ይቀረዋል፤ ምስሉ ይጨልማል፣ የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል። ጣና ላይ ጀልባ ውስጥ በእንዲህ ያለው ማየት ከንቱ ድካም ነው።

«126 ሜትር በ1000 ሜትር» የሚለውን ጽሑፍ ብዙ ሻጭ «አንድ ኪሎሜትር ያሳያል» ይለዋል። ትርጉሙ በ1000 ሜትር ርቀት ላይ 126 ሜትር ስፋት በአንዴ ይታያል ማለት ነው።

ሳትከፍሉ ሦስት ነገር ፈትሹ። ሌንሱን በማስመሪያ ለኩት፤ 42 የተባለው 30 ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። እንደ መስታወት ቀይ የሚያንጸባርቅ ሌንስ ብርሃን ስለሚመልስ ይቅርባችሁ። ከዚያ ደጅ ወጥታችሁ ራቅ ያለ የመብራት ሽቦ ተመልከቱና ባይኖኩላሩን ከፊታችሁ ቀስ ብላችሁ አርቁት፤ ሽቦው በሁለቱ ክቦች እኩል ከፍታ ላይ ካልሆነ ፕሪዝሙ (ውስጡ ያለው ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት) ተዛንፏል። የተዛነፈ ዕቃ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ራስ ያሳምማል። ልጁ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል፤ ወላጅም «ድሮም ቅብጠት ነበር» ይላል። ጥፋቱ ግን የፕሪዝሙ ነው።

አስተካከሉም ቀላል ነው። ማጠፊያውን አንድ ክብ እስኪታይ ድረስ አጥብቡ ወይም አስፉ። የቀኙን ሌንስ በእጅ ሸፍናችሁ በግራ ዓይን 20 ሜትር ያህል የራቀ ነገር በመካከለኛው መንኮራኩር አጥሩ። አሁን ግራውን ሸፍኑና በቀኙ ዓይን ማያ ላይ ያለችውን ቀለበት ብቻ አዙሩ። የክበብ ተማሪዎች አንዱን ባይኖኩላር ሲቀባበሉ «አይታየኝም» የሚለው ለቅሶ የሚመጣው ከዚህች ቀለበት ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ቀለበቷ ለእሱ የምትቆምበትን ምልክት ደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፍ። አንዱን ከአራት ልጅ በላይ አትጋሩት።

«ሳይንቲስት እሆናለሁ» የሚል ተማሪ ሞልቷል። ቅዳሜ ጠዋት ከ12:30 እስከ 1:30 ቁጭ ብሎ የቆጠረ ግን ጥቂት ነው። ደብተሩ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ብዛትና ወፏ ምን ታደርግ እንደነበር ይሰፍራል። ለመጀመሪያው ሴሚስተር 15 ዓይነት ወፍ በምንቃሯና በድምፅዋ መለየት በቂ ግብ ነው። ዘመኑም ይገጥማል፦ ትምህርት ሲከፈት ከአውሮፓ የሚመጡት ስደተኛ ወፎች መግባት ይጀምራሉ፣ ወደ ሚያዝያ ገደማ ይመለሳሉ። ለጀማሪ እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ይመረጣል፤ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ በመሆኑ ከጠርዙ ሆኖ ውሃውን መቃኘት ይቻላል። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩን ግለጡት። የአንዱ ሥዕል በሥዕል ነው፣ የሌላው ሠንጠረዥ ብቻ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ባዶ ገጽ ይዞ ጓደኞቹን እያስከተለ ሲያሳይ የከረመ ነው። መምህሩ የሦስቱንም ቀጣይ ግብ አንድ ዓይነት ካደረገው ድካሙ ባክኗል።

የ8×42 ጉድለቱ ክብደቱ ነው፦ ከ600 እስከ 700 ግራም። ለሰባተኛ ክፍል ልጅ አንገት 8×32 ይሻላል፤ በጫካ ጥላ ውስጥ ግን ብርሃኑ ያንሳል። ጮቄ ተራራ ላይ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ 10×42ም ያስኬዳል፣ ክንድ የሚያሳርፉበት ድንጋይ ካለ።

ሌንስ በነጠላ ጫፍ አይጠረግም። አቧራውን መጀመሪያ እፍ በሉት፣ አለዚያ አሸዋው ሽፋኑን ይፍቀዋል። ክረምት በቦርሳው ውስጥ ዘግታችሁ አትተዉት፤ እርጥበቱ ሌንሱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታው ደግሞ ከውስጥ ስለሚሆን እቤት አይጸዳም።