ከሻንጣዬ የማይጠፋው አስፕሪን

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አዲስ አበባ ስሄድ ከሻንጣዬ የማይጠፋ ነገር ነበር፤ ባለ 365 ፍሬው አስፕሪን። እያንዳንዷ ክኒን 81 ሚሊግራም ናት። እዚህ «ቤቢ አስፕሪን» እንላታለን። ቢጫ፣ ትንሽ፣ ለመዋጥ የማታስቸግር፣ ዋጋዋም የማይከብድ። አንድ ጠርሙስ ለእናቴ፣ አንድ ለአጎቴ፣ አንድ ለጎረቤታችን ለእትዬ። «ደም ታቀጥናለች፣ ለልብ ጥሩ ናት» እያልኩ አድል ነበር። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ከአሜሪካ የመጣ መድኃኒት ሲሆን ግን ማንም አይጠይቅም።

ስለ ክኒኗ እውነቱን ልናገር። ሥራዋን ትሠራለች። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ትከለክላለች። አንዴ የነካችው ፕላትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ፣ ማለትም ሳምንት ገደማ፣ ወደ ሥራው አይመለስም። ትንሽ መጠን የሚበቃውም ለዚህ ነው። ችግሩ ጨጓራ ላይ ቁስል ካለም ደሙ ቶሎ አይቆምም። የጨጓራን መከላከያም ታሳሳለች። «ሽፋን ስላላት ጨጓራ አትነካም» የሚባለውን እኔም አምን ነበር። ሽፋኑ የሚያደርገው ክኒኗ አንጀት ደርሳ እንድትሟሟ ነው። ከዚያ በኋላ ደም ውስጥ ገብታ የምትሠራው ያው ነው፤ የመድማቱን አደጋ አያስቀርም።

ይህን ያወቅሁት ባለፈው ጉዞዬ ነው። እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ልቧን ታማ አታውቅም፤ ስትሮክም አላገኛትም። ጨጓራዋ ግን የቆየ ነው። ለጉልበቷ ደግሞ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ትወስዳለች። ፊቷ ነጥቷል፤ ደረጃ ስትወጣ ሁለቴ ትቆማለች። «ዕድሜ ነው ልጄ» ትለኛለች። አንድ ጠዋት ለእህቴ በሹክሹክታ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጥቁር መሆኑን ነገረቻት። ሦስት ሳምንት ሆኖታል!

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይወራል እንዴ?»

ሆስፒታል ወሰድናት፤ ጥቁሩ ከጨጓራዋ የሚደማ ደም ነበር። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ፣ ሲታይ ቁስለት ነው፤ የጨጓራ ባክቴሪያም ተገኘባት። ሐኪሙ «አስፕሪኑን ማን አዘዘላቸው?» ሲል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ተመልሼ የጠርሙሱን ጀርባ በመነጽር አነበብኩት። በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጥቅሙ በሚለው ሥር የተጻፈው ቀላል ሕመም ማስታገስ ነው። ለሌላ ጥቅም ሐኪምዎን ያማክሩ ይላል። ከታች ማስጠንቀቂያው አለ፤ 60 ዓመት ከሞላዎት፣ ቁስለት ከነበረብዎት፣ ሌላ የሕመም ማስታገሻ ከወሰዱ የጨጓራ መድማት ዕድልዎ ይጨምራል። ሦስቱም እናቴ ናት። በደቃቅ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛ ለማታነብ ሴት።

እኔም 56 ዓመቴ ነው፤ ግፊት አለብኝ። ልጀምር ወይ ብዬ ዶክተሬን ጠየቅኋት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ልቤ ሳይሆን ስለ ጨጓራዬ ነው። ቀጥላ በ10 ዓመት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ የሚያጋጥመኝን ዕድል አሰላች፤ 8 ከመቶ ወጣ። በ2022 የወጣው የአሜሪካ ምክር 60 ዓመት የሞላው ጤነኛ ሰው ለመከላከያ ብሎ እንዳይጀምር ይላል። ከ40 እስከ 59 ያለው ደግሞ ዕድሉ 10 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ይወስናል። በአውስትራሊያና በአሜሪካ ከ19 ሺህ በላይ አረጋውያን ላይ ተጠንቶ በ2018 የወጣውንም ነገረችኝ። ጤነኛ ሆነው በየቀኑ አስፕሪን የወሰዱት ዕድሜያቸውም ጤናቸውም አልተሻሻለም። ከባድ መድማት ግን ከወሰዱት 3.8 ከመቶውን፣ ካልወሰዱት 2.8 ከመቶውን አግኝቷል። እኔ አልጀመርኩም። የግፊቴን መድኃኒት ሳላዛንፍ እውጣለሁ።

አጎቴ ግን ሌላ ናቸው። ልባቸውን ታመው ስቴንት፣ የልብን የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ፣ ገብቶላቸዋል፤ አስፕሪኑን ያዘዘላቸውም የልብ ሐኪማቸው ነው። የእናቴን ወሬ ሰምተው ሊያቆሙ ሲሉ በስልክ ለምኜ አስቀረኋቸው። እንደሳቸው ያለ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ካቆመ ስቴንቱ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል።

ዘንድሮ ስሄድ መጀመሪያ የገባሁት እትዬ ቤት ነው፤ ጠርሙሱን ልቀበላቸው። ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ አወረዱት። ስከፍተው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተኝ። አስፕሪን እርጥበት ሲያገኘው ይበላሻል፤ ሽታው ይህ ነው።

«ታዲያ የዘንድሮው የታለ ልጄ?» አሉኝ።

ይዤ የመጣሁትን የግፊት መለኪያ አውጥቼ ክንዳቸው ላይ ጠቀለልኩት። 168 በ94 አለ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ።