ጎንደር ላይ ሠራተኛ ፍለጋ፦ ሁለት አገናኝ ቢሮዎች

የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሠራተኛ ፍለጋ ወጣሁ። ነርስ ነኝ፣ አዳር አለብኝ። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ጎርጎራ ነው የሚሠራው። ሁለት የሠራተኛ አገናኝ ቢሮ ሞክሬያለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ምን እንደገጠመኝ ግን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ፒያሳ አካባቢ ነው። ፍጥነቱን ከጠየቃችሁኝ አንደኛ። ጠዋት 3 ሰዓት ደወልኩ፣ 5 ሰዓት ላይ "ነይ፣ ልጅቷ መጥታለች" ተባልኩ። ክፍያው ከእኔ 500 ብር፣ ከልጅቷ ደግሞ የመጀመሪያ ወር ደመወዟ ግማሽ። ሰውዬው በሁለት በኩል ይበላል።

አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ፌስታሏን አቅፋ ተቀምጣለች። ኮንጎ ጫማዋ ከእግሯ ሁለት ጣት ያህል ይተርፋል። ደላላው መታወቂያዋን ዘረጋልኝ፤ 19 ዓመት ይላል፣ ገና ያብለጨልጫል። "ከየት ነሽ?" አልኳት። "ከበለሳ ነኝ፣ እትዬ" ብላ ፈገግ ስትል ጥርሷን አየሁት። የላይኛው ክራንቻዋ ገና ግማሹ ነው የወጣው። ያ ጥርስ የሚበቅለው 11፣ 12 ዓመት ላይ ነው።

ለደላላው ስነግረው ሳቀ። "እህቴ፣ ልጅ ስትሆን እኮ ነው እንደፈለግሽ የምታሠለጥኛት። ትልቋን ብትወስጂ ትርፉ አፍ ነው።" ማን አመጣት? "አጎቷ።" አጎቷ የታለ? "ወደ አገሩ ተመለሰ።" አስቤበት እደውላለሁ ብዬ ወጣሁ። ልጅቷን እዚያው ትቻት ማለት ነው።

ማታ ለእህቴ ነገርኳት። ሕግ የተማረች ናት፤ ቡና እየቆላች "ይሄ እኮ ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር ነው" ብላ አፋጠጠችኝ። እኔ ሕገ ወጥ ዝውውር ሲባል የሚታየኝ የመተማ መንገድ ነው፤ ድንበር፣ ጨለማ፣ ጭነት መኪና። "ድንበር መሻገር ግድ አይደለም" አለችኝ። የእኛው አዋጅ 1178/2012 አገር ውስጥ የሚፈጸመውንም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ በሰው መነገድን የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት፣ ደግሞ ለልጆች ለብቻው የሚለው አለው። ለአዋቂ ሲሆን ማታለል ወይም ማስገደድ መኖሩ ይታያል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ለመበዝበዝ ብሎ መመልመሉ ብቻ ይበቃል። ልጅቷ እሺ ብላ መጣች አልመጣች ለውጥ የለውም።

"እና ደመወዟ ለደላላ፣ ትምህርቷ ለጓዳ ከሆነ ምን ልትይው ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። 5 ሰዓት ላይ ሮጬ የሄድኩት ገዢዋ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ሕፃናት ጉዳይ ላይ የምትሠራ ባለሙያ ይዤ ተመለስኩ። አግዳሚው ባዶ ነው። "ትናንት ማታ ተቀጠረች" አለ። የት? መዝገብ የለም። ማን ወሰዳት? ስልኩ ጠፍቶበታል። ባለሙያዋ የሰውዬውን ስምና ቁጥር ይዛ ሄደች፤ እኔም ሁለት ጊዜ ደውዬላታለሁ፣ ልጅቷ ግን እስካሁን አልተገኘችም። ለዚህ ቢሮ ኮከብ አልሰጥም።

ሁለተኛው ማራኪ በኩል ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ስልክ አያነሱም፣ ደረጃውን ከሕፃን ጋር መውጣት ፈተና ነው። 11 ቀን አስጠበቁኝ። 800 ብር ከፈልኩ፤ ከሠራተኛዋ ግን አምስት ሳንቲም አይቀበሉም። የእኔን መታወቂያ ኮፒ አደረጉ። የት ነው የምትተኛው? ክፍሉ መስኮት አለው? ከውስጥ ይቆለፋል? ጨቀጨቁኝ። ደመወዙና የዕረፍት ቀኑ በሦስት ኮፒ ተጻፈ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን ስለማያቅፍ የሠራተኛዋ ዋና መያዣ ይህች ወረቀት ናት። እንዲህ ያለችኝ እህቴ ናት።

የደረሰችኝ የ22 ዓመት የደምቢያ ልጅ ናት። ከመፈረማችን በፊት ጸሐፊዋ ለእናትየው ደውላ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ሰላምታው ረጅም ነበር። ከዚያ ጥያቄው መጣ። "የማታ ትምህርት ትለቂያታለሽ? እሑድስ ቤተ ክርስቲያን? ብትታመምብሽ ለማን ነው የምትደውይው?" ለሥራዬ ስወዳደር እንኳ እንዲህ አላበኝም። መጨረሻ ላይ "በይ ቁጥርሽን ለታናሿ አስጽፊልኝ" አሉኝና ስልኩን ለአንድ ልጅ ሰጡት። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።