ሁለት ጎማ ብቻ፦ ሞዴል ባቡሬ ከክረምት እስከ በጋ

ስለገዛሁት በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ሞዴል ባቡር መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር። ሀዲዱን ዛሬም ደግሜ እገዛዋለሁ፤ ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን ሎኮሞቲቭ ግን በግማሽ ዋጋ ቢሰጡኝ አልወስደውም። ምክንያቴ አንድ ነው። ስምንት ጎማ ያለው ሎኮሞቲቭ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው በአራቱ ብቻ ነው፤ ከቀኙ ሀዲድ በሁለት፣ ከግራው በሁለት። ካርቶኑ ላይ ስለ መብራቱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ መስኮቶቹ ጥራት በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ስለ ጎማዎቹ አንድ ቃል የለም። አቧራ የማይገባበት ቤት ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እንደ እኔ አዲስ አበባ ዳር፣ አቧራማው ፉሪ ለሚኖር ሰው ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የለም።

የገዛሁት ግንቦት ላይ፣ ዕቃ ከውጭ እያስመጣ ከሚሸጥ ሰው ነው። የጀማሪ ጥቅል የሚባለው ነው፤ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎ፣ ሞላላ ሆኖ የሚገጠም ሀዲድ፣ ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግር አንድ የሀዲድ መቀየሪያ እና የፍጥነት መቆጣጠሪያ። መጠኑ ኤችኦ ይባላል፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ይህን መጠን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። በሰፈራችን የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በሁለቱ የሀዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የኤችኦ ሀዲድ ስፋትም ልክ ይኸው ነው። የፉሪ ለቡን ጣቢያ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር በሆነ አንድ ኮምፔንሳቶ ላይ የመሥራት ሐሳቤ የተነሣው ከዚህ ስሌት ነው። መስመሩ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ሁለት ባቡር ጎን ለጎን ሲተላለፉ በቤቴ ማየት እፈልጋለሁ።

እሁድ እሁድ ከምንገናኘው ሞዴል ሠሪዎች አንዱ፣ ለገሃርን፣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ፣ የሚሠራው ጓደኛችን ይህ ዕድል አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር፣ ያ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር የሚመጣው፣ የሀዲዱ ስፋት 1000 ሚሊ ሜትር ነበር። በኤችኦ ሲሰላ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሌላ ዓይነት ሀዲድ ይጠይቃል፤ እሱን ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ሻጩ ለእሱም ለእኔም «ሁሉም ያው ነው» ብሎናል። ያው አይደለም! ሁለቱን ባቡሮች ያየ ሰው የድሮው ጠበብ፣ የአዲሱ ሰፋ ብሎ እንደሚቆም በዓይኑ ያውቀዋል።

ወደ ሎኮሞቲቩ ልመለስ። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ምንም አላስቸገረኝም። ደጁ ጭቃ ነው፣ መንገዱ እርጥብ ነው፣ የሚነሣ አቧራ የለም። ባቡሩ ሰርቪስ ቤት ውስጥ እንደ ልቡ ይዞር ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ መሬቱ ደረቀ፣ ጠጠርና አሸዋ የሚጭኑት መኪኖች መመላለስ ጀመሩ፣ የጥቅምት ነፋስ ደግሞ የቀረውን አቧራ በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ይዞ ገባ። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ መንተባተብ ጀመረ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይቆማል፣ በጣት ሲገፉት ይነሣል፣ ሁለት ክንድ ሳይሄድ እንደገና ይቆማል። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ አቃጥሎ ሲታጠን ደግሞ ጥላሸቱ ሀዲዱ ላይ ተጋገረ፤ ያን ሳምንት ጭራሽ አልሄደም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ሻጮች ስለማያስረዱ እኔ ላስረዳ። እውነተኛው የጅቡቲ ባቡር ኤሌክትሪኩን ከላይ ከተዘረጋው 25 ኪሎ ቮልት ሽቦ ይወስዳል። ሞዴሉ ግን ከሥሩ፣ ከሀዲዱ ነው የሚወስደው፤ አንዱ ብረት ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ፣ በመካከላቸው እስከ 12 ቮልት። ኤሌክትሪኩ ከሀዲዱ ወደ ጎማው፣ ከጎማው ጀርባ ወደምትነካ ቀጭን የነሐስ ቁራጭ፣ ከዚያ በሽቦ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። በእኔ ሎኮሞቲቭ ሞተሩ የሚያዞረው የኋላውን ጥንድ አክሰል ነው። እንዳይንሸራተት ብለው በግራ በኩል ያሉትን ሁለት ጎማዎች የላስቲክ ቀለበት አልብሰዋቸዋል፤ ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ የኋላው ጥንድ የሚቀበለው ከቀኝ ብቻ ነው። የፊተኛው ጥንድ ደግሞ የነሐስ ቁራጭ የተደረገለት በግራ ብቻ ነው፤ በቀኝ በኩል ምንም የለም። ለምን? ሁለት ቁራጭ ነሐስና አንድ ክር ሽቦ ለመቆጠብ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

አሁን ይህ ሎኮሞቲቭ የሀዲድ መቀየሪያ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አስቡት። መቀየሪያው መሀል፣ ሁለቱ መስመሮች በሚቋረጡበት ቦታ፣ ኤሌክትሪክ እንዳይጋጭ የተደረገች የፕላስቲክ ቁራጭ አለች። አንዱ ጎማ እሷ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሪክ አይደርሰውም። የቀረው ጓደኛው በዚያች ቅጽበት የአቧራ ቅንጣት ከረገጠ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። በእያንዳንዱ ወገን አራት ጎማ ቢቀበል ኖሮ ሦስቱ ሥራውን ይሸፍኑ ነበር።

ሻጩ ሱቅ ውስጥ ሲያሳየኝ ለምን አልቆመም ትሉ ይሆናል። በሙሉ ፍጥነት ስላስኬደው ነው። በፍጥነት የሚሄድ ባቡር ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ቢቋረጥበትም በራሱ ግፊት አቧራውን ያልፈዋል። ግን ማን ነው ባቡሩን እንደዚያ የሚነዳ? እውነተኛ ባቡር ጣቢያ ሲገባ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ፣ ለ87 ሲካፈል በሰከንድ 1.6 ሳንቲ ሜትር ነው። የዚህ ሥራ ውበት እዚያ ላይ ነው፤ ባቡሩ ቀስ ብሎ፣ ሳይናጥ፣ መድረኩ ጫፍ ላይ ሲቆም። እኔ ገንዘቤን የከፈልኩት ለዚያች 1.6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሎኮሞቲቩ የማይችለው ደግሞ እሷኑ ነው።

«ወንድሜ ሀዲዱን አጽዳ» ትለኛለህ፣ አውቃለሁ። አጽድቻለሁ። የሀዲዱ ብረት ኒኬል ሲልቨር የሚባለው መሆኑን፣ ብርም ባይኖርበት ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ የተቀላቀለ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከናስ ሀዲድ የተሻለ እንደሆነም አልክድም። በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው የሚሉኝን አልሰማሁም፤ ብርጭቆ ወረቀት የሚተወው ጭረት በነጋታው ቆሻሻ የሚይዝ ቦይ ነው። ንጹሕ ጨርቅና አልኮል እጠቀማለሁ፤ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለበት በደንብ አደርቀዋለሁ። የፉርጎዎቹ ጎማዎች ፕላስቲክ ስለሆኑ ቆሻሻውን ከአንድ ቦታ ለቅመው ሌላ ቦታ ይለቁታል፤ እነሱንም አንድ በአንድ እጠርጋለሁ። ይህን ሁሉ አድርጌ ባቡሩ የሚሄድልኝ ለአንድ ከሰዓት ነው። በነጋታው አቧራው ተመልሶ ይመጣል፣ ፉሪ ነዋ! ሌላው ጓደኛችን በእያንዳንዱ ወገን በአራት ጎማ የሚቀበል ሎኮሞቲቭ አለው፤ የእኔው ሀዲድ ላይ፣ የእኔው አቧራ ላይ አስቀምጠነው ያለ ችግር ዞሯል። ስለዚህ ሀዲዱን አትውቀስብኝ።

በጣም ያናደደኝን ልንገራችሁ። እኛ በየእሁዱ ከሰዓት እንገናኛለን፣ እያንዳንዱም በሳምንቱ የሠራውን ይዞ ወይም በስልኩ አንሥቶ ይመጣል። የለገሃሩ ጓደኛችን እ.ኤ.አ. በ1929 የተጠናቀቀውን የጣቢያ ሕንፃ በካርቶንና በኮላ እያቆመ ነው፤ አንድ ሳምንት የመስኮቶቹን ቅስት፣ በሌላው የጣሪያውን ክፈፍ ያሳየናል። ሌላው በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረውን የከተማችንን ቀላል ባቡር ወስዶ በድልድይ ላይ የሚሄደውን ክፍል ይሠራል፤ ምሰሶዎቹን በጂፕሰም ያፈስሳቸዋል። ቁመታቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ሰዎችን ከሽቦ ጠምዝዞ፣ ነጠላ አልብሶ መድረክ ላይ የሚያቆምም አለ፤ ሥራው ያስደንቃል። እኔ ደግሞ ከመስቀል እስከ ገና ይዤ የሄድኩት ወሬ አንድ ነው፤ ሀዲድ ጠረግሁ። የጣቢያዬ መድረክ ሳይጀመር ቀረ፣ የአጥሩ መረብ ተጠቅልሎ ጥግ ተቀመጠ። ሎኮሞቲቩ የወሰደብኝ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። የበጋውን እሁዶች ወስዶብኛል።

በመጨረሻ ራሴ ፈታሁት። ምናለሽ ተራ ከተጣለ አሮጌ ሬሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ውስጥ ቀጫጭን የነሐስ ቁራጮች አወጣሁ፤ እንደ ስፕሪንግ የሚመለሱ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው። ስልክ የሚጠግነው ጎረቤቴ የመበየጃ ካውያውን አዋሰኝ። ቁራጮቹን ከፊተኛው ጥንድ በቀኝ በኩል፣ ከጎማዎቹ ጀርባ ለስለስ ብለው እንዲነኩ አድርጌ በየዳኋቸው፤ ጠንከር ካሉ ጎማውን ይይዙታል፣ ለስለስ ካሉ አይነኩም፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። በቀኝ በኩል አራት ጎማ ሆነ። በግራ ግን ላስቲክ የለበሱት ሁለቱ አሁንም ምንም አይቀበሉም። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣልኝን የብረት ጎማ የመጀመሪያው ፉርጎ ላይ ገጠምሁ፣ እዚያም ነሐስ አድርጌ በሁለት ቀጫጭን ጥቁር ሽቦ ከሎኮሞቲቩ ጋር አገናኘሁት።

ሄደ። በዝግታ፣ መቀየሪያውን ተሻግሮ፣ መብራቱ ሳይርገበገብ ሄደ። ሠርቼ ያመጣሁትን ጓደኞቼ ሲያዩ አጨበጨቡ፣ ደስታዬም ወሰን አልነበረውም። ይሁንና ይህ ደስታ ለፋብሪካው የሚቆጠር አይደለም። ደግሞም ዋጋ አስከፍሎኛል፤ ፉርጎው በሽቦ ስለታሰረ ሎኮሞቲቩን ከባቡሩ ፈትቼ ማዞር አልችልም። ጣቢያ ደርሶ፣ ከፊት ተፈትቶ፣ በጎን መስመር አልፎ ከኋላ የሚገጠም ሎኮሞቲቭ ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ጥቅሉ ከመቀየሪያ ጋር የሚሸጠውስ ሎኮሞቲቩንና ፉርጎዎቹን ለመለያየት አይደለም እንዴ?

ስለ ሌላው ብዙ የምለው የለኝም። ሀዲዱ ከሥሩ ካለው የፕላስቲክ ጠጠር ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው፣ ሲገጠም ቀጭ ብሎ ይይዛል፣ ሲፈታም አይሰበርም። መቆጣጠሪያው አይሞቅም። የፉርጎዎቹ ቀለም አልለቀቀም።

ልትገዙ ካሰባችሁ ሻጩን ሎኮሞቲቩን እንዲገለብጥላችሁ ጠይቁት። ከጎማዎቹ ጀርባ የነሐስ ቁራጮቹን ቁጠሩ፤ የላስቲክ ቀለበት የለበሱት ስንት እንደሆኑ እዩ። ከዚያ መቀየሪያው ላይ አስቀምጦ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ቀንሶ እንዲነዳው አድርጉ። «በፍጥነት ልንዳልህ» ካለ እንቢ በሉት። እኔ ለሚቀጥለው ሎኮሞቲቭ ገንዘብ እያጠራቀምሁ ነው፤ እስከዚያ የጣቢያውን መድረክ ጀምሬያለሁ፣ ለእሁድ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዤ እሄዳለሁ።