«ሲስተም የለም» ሲሏችሁ ሁለተኛ እንዳትከፍሉ

ደብረ ብርሃን መኪና የምታሳድሩ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። በተለይ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢት መጥታችሁ፣ መኪናችሁን እዚህ አቁማችሁ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የምትሄዱ።

የናፍጣ መኪና በዚህ ውርጭ ውጭ ካደረ ጠዋት ማስነሳቱ መከራ ነው። ስለዚህ አንድ ሕንጻ ሥር ያለ ፓርኪንግ የ3 ወር በቴሌብር ቀድሜ ከፈልኩ። «በሩን በሚከፍት የመግቢያ ካርድ ሲሆን ቅናሽ አለው» ብለውኝ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ «ሁሉም ሲስተም ላይ አለ» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እናንተ እሺ እንዳትሉ።

በ5ኛው ሳምንት ካርዱ በሩን አልከፍት አለ። ከኋላዬ መኪናው ተደርድሮ ክላክስ ያቀልጠዋል። ገንዘብ ተቀባይዋ «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ቫይረስ ቆልፎታል። ማን እንደከፈለ አይታይም» አለችኝ። ለመውጣት የወሩን እንደ አዲስ ክፈል ተባልኩ። ልጅቷን አልወቅስም፣ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ባለቤቶቹ ግን የራሳቸውን ኪሳራ ከእኛ ኪስ ሊያወጡ ነው።

ራንሰምዌር የሚሉት ይህ ነው። ፋይሉን ይቆልፍና ለመክፈቻው ቤዛ ይጠይቃል። መዳኛው ከኔትወርኩ ተለይቶ የተቀመጠ ባክአፕ፣ ማለትም የፋይሉ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ያንን ማዘጋጀት ደግሞ የድርጅቱ ሥራ እንጂ የደንበኛው አይደለም። በፈረንጆቹ 2016 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ትራንስፖርት እንዲሁ ተጠቅቶ 100 ቢትኮይን ተጠይቆ ነበር። መግቢያዎቹን ከፍቶ ሰውን በነጻ አሳፈረ። ቤዛውንም ሳይከፍል ከባክአፕ ተነሳ።

ሌላም አለ። ሌቦቹ ብዙ ጊዜ ከመቆለፋቸው በፊት መረጃውን ይገለብጣሉ። ፓርኪንጉ ዘንድ ደግሞ ታርጋችን፣ ስልካችን፣ የመታወቂያችን ኮፒ አለ። «ሂሳብዎን በዚህ ቁጥር ያድሱ» የሚል መልእክት ከመጣላችሁ፣ ታርጋችሁን በትክክል ቢጠራም እንኳ ብር እንዳትልኩ። የካርዱን የይለፍ ቁጥር ለባንክ ወይም ለቴሌብር የምትጠቀሙበት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት።

እኔን ያዳነኝ ያልሰረዝኩት የቴሌብር መልእክት ነው። እሱን አሳይቼ፣ ግማሽ ሰዓት ተከራክሬ ሳልከፍል ወጣሁ። ቀሪው የ8 ሳምንት ያህል ሂሳቤ ግን እስካሁን አልተመለሰልኝም። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። የከፈላችሁበትን መልእክት ስክሪንሾት አድርጉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ።

ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ነኝ። አቤቱታውን አብራችሁኝ የምትፈርሙ መልእክቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ።