ጠባሴ ላለው የኢንተርኔት ቤት ልጅ ምስጋና አለኝ

ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር ልጅ ወይ እህት ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ልጄ ዲቪ ደርሷት ቨርጂኒያ ገብታለች። ቤት ልከራይ ስትል "የክሬዲት ታሪክ የለሽም" ብለው መለሷት፤ ዕዳን በጊዜው የመክፈል መዝገብ ማለት ነው። ከዚያ ይህን ታሪክ ለመጀመር ባንክ 200 ዶላር አስይዛ ክሬዲት ካርድ አወጣች። ብዙም ሳትቆይ "እማዬ፣ ያስያዝኩት ብር እያለ ክፈይ የሚል ቢል መጣብኝ፣ ተበላሁ" ብላ እያለቀሰች ደወለች። ልጅ ሰው አገር ሆና ስታለቅስ መስማት ምን እንደሚያደርግ የወለደ ያውቀዋል።

ያልጠየቅሁት ሰው የለም። አንዱ "ካርዱን ቆርጣ ትጣለው፣ ቢሉም ይቀራል" አለኝ። አዋቂ ነኝ ባዩ ደግሞ የካርዱን ቁጥር ከነሚስጥሩ ላኪልኝ፣ ብሩን አስመልሳለሁ፣ ግን ቀድመሽ ክፈዪኝ አለ። በሰው እንባ ገበያ! ስም አልጠራም፣ እግዜር ይይለት።

በመጨረሻ ጎረቤቴ ጠባሴ ፎርም የሚሞላውን ልጅ ጠቆመችኝ። ስልኬ ላይ የካርዱን ፎቶ ላሳየው ስል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋውና "እናቴ፣ ይህን ለማንም አያሳዩ። ለእኔም ቢሆን" አለኝ። ያኔውኑ ልቤ አረፈ።

ልጄ የምትመቸው በምሳ እረፍቷ ነው። ለእኛ ማታ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። የከተማችንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ነገ ኑ ማለት ይችል ነበር። በሩን ገርበብ አድርጎ አብሮኝ ጠበቀ።

ስትደውል እንዲህ አላት። "እህቴ፣ 200 ዶላሩ ዋስሽ ነው። ቢል አይከፍልልሽም። በካርዱ የምትገዢው የባንኩን ብር ነው፣ ጣሪያው ደግሞ ያስያዝሽው ያህል ነው። በየወሩ ከኪስሽ ትከፍያለሽ። ዝም ካልሽ ግን ከመያዣው ይቆርጡታል፣ ስምሽም ይበላሻል።" ዕዳዋን ጨርሳ ካርዱን ስትዘጋ፣ ወይም ባንኩ ወደ ተራ ክሬዲት ካርድ ሲያሳድጋት፣ ያስያዘችው ይመለሳል አላት። 200 ስለተፈቀደ ሁሉንም አትጨርሺ፣ ከ60 ዶላር በታች ቢሆን ይመረጣል፣ ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን ክፈዪ ብሎም መከራት። ባንኩ ክፍያዋን ለሦስቱ የክሬዲት ታሪክ መዝጋቢ ድርጅቶች እንደሚያሳውቅ አረጋግጪ ሲላት ስማቸውን ጠርቶ ነበር። ኢኩፋክስ የሚባለው ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ፣ ሌሎቹን ልጄ ጽፋቸዋለች።

ስልኩን ሳትዘጋ ቢሉን ከፈለች። መሳቅም ጀመረች! ስንት ልስጥህ ስለው "ምን ሠራሁና" አለኝ። ግድ ብዬ ነው የሻይ ያስያዝኩት። ስንቱ ለማያውቀው ነገር ሲያስከፍል፣ ይሄ የሚያውቀውን በነፃ ያስረዳል።

የወለደ አንጀቱ ይባረክ። ፎርም ያላችሁ፣ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ያልገባችሁ፣ ወደ እሱ ሂዱ። ደላላ ጋ አትሂዱ፣ እሱ ጋ ሂዱ። ከጠባሴ አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ፎርም የሚሞላው ልጅ በሉ፣ ያሳዩዋችኋል። እሁድ ጠዋት ግን አትልፉ፣ ቅዳሴ ላይ ነው።