«ገና ነው» ማለት ለማትሰለች ፊዚዮቴራፒስት

ጅምናስቲክ የምትሠራ ልጄ ወደ ኋላ በታጠፈች ቁጥር ወገቧን ያማት ነበር። «የጡንቻ ሕመም ነው፣ ያልፋል» ተባልን፤ ራጁም ምንም አላሳየም። ዛሬ በአደባባይ የማመሰግናት ፊዚዮቴራፒስት ግን በዚህ አልረካችም። ልጄን በጥንቃቄ ከመረመረች በኋላ፣ በማደግ ላይ ያለ ስፖርተኛ ወገቡን ለሳምንታት ካመመው የአጥንት ስንጥቅ ሊጠረጠር እንደሚገባ፣ ጅምር ስንጥቅም በራጅ ብዙ ጊዜ እንደማይታይ ነገረችንና ወደ አጥንት ሐኪም ላከችን። ኤም አር አይ ሲነሣ ስንጥቁ ተገኘ።

ሐኪሞች ስፖንዲሎላይሲስ ይሉታል። ብዙ ጊዜ በአንድ አደጋ የሚመጣ ስብራት አይደለም፤ በአከርካሪው የኋላ ክፍል ያለ ቀጭን አጥንት ወገብ ደጋግሞ ሲታጠፍና ሲጠማዘዝ በጫናው ይሰነጠቃል። በአብዛኛው የሚጎዳው አምስተኛው፣ ማለትም የመጨረሻው የወገብ አከርካሪ ነው። እግር ኳስ ተጫዋቾችን፣ ክብደት አንሺዎችንና ቴኒስ ተጫዋቾችንም ያገኛቸዋል።

ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው። ዋናው መድኃኒት ከስፖርቱ ማረፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 3 ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ለልጅ ይህ ዘላለም ነው! ሕመሙ ደግሞ ከቀጠሮው ቀድሞ ጠፋ። ልጄ ለመነች፣ ውድድር ተቃረበ፣ አሠልጣኟም መጠየቅ ጀመረች። ፊዚዮቴራፒስቷ «ሕመሙ ጠፋ ማለት አጥንቱ ጠገነ ማለት አይደለም፤ ገና ነው» አለች። አሠልጣኟን ራሷ አግኝታ ያለ ጠብ አስረዳቻት። እኔ ብሆን ኖሮ ሳልጣላ አልመለስም ነበር።

ልጄንም ሥራ አላስፈታቻትም። የሆድና የጀርባን ጥልቅ ጡንቻዎች የሚያጠነክሩ፣ የጭንን የኋላ ጡንቻ የሚያፍታቱ እንቅስቃሴዎችን አስተማረቻት። ሐኪሙ ሲፈቅድ መጀመሪያ ሩጫ፣ ቀጥሎ ዝላይ፣ ወደ ኋላ መታጠፍ ግን ከሁሉም መጨረሻ። ካመማት አንድ ደረጃ ትመልሳታለች፤ ክርክር የለም። አሁን ልጄ ተመልሳ እየተወዳደረች ነው።

ቶሎ ልቀቂኝ የሚል ሰው አይወዳትም፤ ንግግሯም ቁጥብ ነው፣ ማባበል አታውቅም። እኔ ግን ልጁ ወገቡን ለሚያመው ወላጅ ሁሉ ያለ ማመንታት እጠቁማታለሁ። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የምርመራ ምስሎቹን ራሳቸውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የውጤት ወረቀቱን ብቻ አንብባ ሥራ አትጀምርም።